«አንቺ» የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም

አማቷ ትንሿን ምራታቸውን «እርስዎ» ይሏታል፤ ትልቋን ግን «አንቺ»። ነገሩ ይኸው ነው። ለሌላ ሰው ሲነገር ያስቅ ይሆናል፤ ትልቋን ምራት፣ ባለካውያዋን፣ ግን አንድም ቀን አላሳቃትም። ትንሿ ምራት ወደ ቤተሰቡ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ይዛው ኖራለች። ያኔ የተወለዱት የሰፈር ልጆች ዛሬ ቦርሳ አንግተው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ እሷን ግን ነገሩ ትናንት የሆነ ያህል ያንገበግባታል።

ባለካውያዋ የሚሏት የሰው ልብስ ተኩሳ ስለምትተዳደር ነው። የቤቷ የፊት ክፍል መስኮቱ ወደ መንገድ ይከፈታል። መስኮቱ ሥር ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው በላይ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሽቦ ላይ የሰው ሸሚዝና የሰው ሱሪ ይንጠለጠላል። ከዚያ ወደ ውስጥ ሳሎን፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ የአማቷ ክፍል። አማቷ ከልጃቸው ጋር ስለሚኖሩ፣ ልጃቸው ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ መንገድ ለመንገድ ስለሚውል፣ ከልጃቸው ጋር ኖሩ ማለት ከእሷ ጋር ኖሩ ማለት ነው። ገላቸውን የምታጥብ እሷ፣ የስኳር መርፌያቸውን በሰዓቱ የምትወጋ እሷ፣ ጉልበታቸውን በቅባት የምታሽ እሷ። «አንቺ፣ ውሃ!» «አንቺ፣ ጫማዬ!» «አንቺ፣ ያ በር ይዘጋ!» ሲሉ «አቤት» የምትል እሷ።

ትንሿ ምራት ዶክተር ናት። የባሏ ታናሽ ወንድም ሊያገባት ሲል ለማስተዋወቅ ይዟት የመጣ ቀን፣ እኒያ ጉልበቴን እያሉ ከአልጋ ወደ ወንበር በሰው ትከሻ የሚሄዱ ሴትዮ ብድግ አሉ። በራሳቸው! ባለካውያዋ ዓይኗን ማመን አቃታት።

«እርስዎ እዚህ ይቀመጡ፣ እዚህ!» አሉ ለልጅቷ። ከዚያ ዞር ብለው፣ «አንቺ፣ ምን ትገተሪያለሽ? ደህናውን ወንበር አምጪላቸው እንጂ!»

ባለካውያዋ ወንበሩን ተሸክማ መጣች። ደንግጣ ስለነበር ከአፏ «ይቀመጡ» የሚል ቃል አመለጣት። አንዴ ያመለጠ «ይቀመጡ» መመለሻ የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም በአሥራ ምናምን ዓመት የምትበልጣትን ልጅ «እርስዎ» ስትል ቀረች። ዶክተሯ ደግሞ ሳትውል ሳታድር «እትዬ፣ አንቺስ አትቀመጪም?» አለቻት። ልጅቷ እንደ እህት አስባ ነው፣ በቅንነት ነው። ባለካውያዋ ግን «እትዬ» የሚለውን አልሰማችውም። የሰማችው «አትቀመጪም» የሚለውን ነው።

አንድ ጊዜ ለባሏ ብትነግረው ሳቀባት። «እማዬ ሐኪም ስታይ እንዲህ ናት፤ ሐኪም ቤት ገብታ መርፌ የሚወጋትን ልጅ እንኳ እርስዎ ነው የምትለው» አላት።

«ታዲያ ቤት ውስጥ መርፌ የሚወጋቸው ማን ነው?»

ሳቁን ግን አላቆመም።

እንዲህ እንዳለች አንድ ጠዋት ድምፅ ማጉያ የተሰቀለባት መኪና በመንገዱ እየተንፏቀቀች መጣች። «ውድ ነዋሪዎች! ያረጁ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን ስለምንቀይር ከሰኞ ጀምሮ ሳምንቱን በሙሉ በዚህ አካባቢ መብራት አይኖርም። ከወዲሁ እንድትዘጋጁ!» መንገዱ በአንዴ ተንጫጫ። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ከበራፉ ብቅ ብሎ፣ «ባለካውያዋ! ያንቺ ነገር አለቀለት በይ!» ሲል ጮኸባት።

«ያንተ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለት!» አለችው ካውያውን ሳታነሳ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የአማቷ ስልክ ጮኸ። አማቷ ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ ሲያነሱ ድምፁን ከፍ አድርገው ነው፤ ቤቱ ሁሉ አብሮ ያወራል።

«እማማ፣ እናንተ ጋ መብራት ሊጠፋ ነው አሉ» አለች ዶክተሯ።

«አዎ ዶክተር፣ ሳምንት ሙሉ ነው አሉ። ምን ይውጠን ይሆን!»

«ታዲያ እዚያ ምን ያደርጋሉ? እኛ ጋ አይጠፋም፤ እኔ ጋ ይምጡ። እሁድ ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ።»

«እርስዎ ካሉማ እኔ ምን እላለሁ! እርስዎ እንዳሉ ይሁን። እርስዎን ይስጠኝ፣ የኔ እመቤት!»

ባለካውያዋ ሦስቱን «እርስዎ» አንድ በአንድ ሰማች። «የኔ እመቤት» የሚለው ሲደርስ ካውያው የሰው ኮሌታ ላይ ተረስቶ ነበር፤ ሽታው ባይቀሰቅሳት ኮሌታው አመድ ሆኖ ነበር። ደግነቱ ጥቁር ነው፣ አይታይም።

ካውያውን አቁማ ወደ ውስጥ ገባች።

«እማማ፣ የትም አይሄዱም።»

«ምን?»

«የትም አይሄዱም! መብራት ጠፋ ተብሎ ከቤት አይወጣም። እኔ ሁሉን አዘጋጃለሁ፤ አንድ ነገር አይጎድልብዎትም።»

«ድራማዬስ?» አሉ አማቷ። በየማታው ቴሌቪዥን ላይ የሚከታተሉት ድራማ አለ። «ያቺ ምስኪን ልጅ አባቷን ልታገኝ አንድ ሐሙስ ቀርቷት እያለ እኔ ጨለማ ውስጥ ልቀመጥ?»

«ድራማው የትም አይሄድም።»

«እሱ አይሄድም፣ እኔ እሄዳለሁ። ይልቅ አንቺ፣ ያን ሻይ…»

«ማንን ነው አንቺ የሚሉት?»

አማቷ ቀና ብለው አዩዋት። «ሌላ ማን አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? «አንቺ» የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም። ትንሿን እርስዎ ካሉ እኔ ትልቋ ነኝ። እርስዎ ሲሉኝ አቤት እላለሁ፣ እስከዚያው ጆሮ የለኝም።»

አሮጊቷ መጀመሪያ ያልሰሙ መሰላቸው። ከዚያ ገባቸው። ከዚያ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። «ኧረ ጉድ ነው! መብራቱ ገና ሳይጠፋ የዚችኛዋ ቀድሞ ጠፋ!»

ባለካውያዋ አልሳቀችም። ወጥታ ካውያዋን አነሳች። የገባችበት ነገር መውጫው ጠባብ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን አንዴ ከገባች ወደ ኋላ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። አማቷ ያቺ ቤት እንዲሄዱ አትፈቅድም። ቢሄዱ ሲመለሱ «እሳቸው ቤት መብራቱ፣ እሳቸው ቤት ሶፋው፣ እሳቸው ቤት ሙቅ ውሃው» እያሉ ዓመት ሙሉ ያወሩታል። ባለፈው ጊዜ ሄደው የመጡበትን ገና አውርተው አልጨረሱትም።

ቤቱን ለጨለማው ማዘጋጀት ጀመረች። ሲያዩዋት ግን ከመብራት ኃይል ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር የምትዋጋ ነው የምትመስለው።

የጊቢው ውሃ በሞተር ነው የሚወጣው፤ መብራት ከሌለ ቧንቧው ነፋስ ብቻ ነው። ስለዚህ በርሜሉን አጥባ ሞላች፣ ጀሪካኑን ሞላች፣ ባልዲውን፣ ሳፋውን፣ የማይጠቅመውን ትልቅ ድስት ሳይቀር ሞላች። ባዶ የውሃ ጠርሙስ ከየሰው ቤት ለቃቅማ ሞልታ ፍሪጁ በረዶ ቤት ውስጥ ደረደረች፤ ድንጋይ እስኪሆኑ ይቆዩና መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን እነሱ ያቀዘቅዙታል። ለአማቷ መድኃኒት ለብቻው አፈ ሰፊ ቴርሞስ ገዛች። ሥጋውን ቀቅላ አደረቀች። የጋዝ ሲሊንደሩን አስሞላች። በቻርጅ የሚሠሩትን መብራቶች በየሶኬቱ ሰክታ፣ አንዱን አማቷ አልጋ ራስጌ፣ አንዱን ከመፀዳጃ ቤቱ በር አጠገብ አቆመች፤ ሽማግሌ በጨለማ ሲነሳ የሚወድቀው እዚያ ነውና።

የራሷም ሥራ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ሳምንት የሚለብሰውን ልብስ ይዞ መጣባት። «ሰኞ ሳይደርስ፣ አደራ!» የማይል የለም። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የድሮውን የከሰል ካውያ አወረደች። ዝጓል። ጊቢ ውስጥ ቁጢጥ ብላ በአሸዋ ፈገፈገችው፣ በሰም ጨርቅ ወለወለችው፤ ሆዱን ከፍታ አመዱን አራገፈች። ስትፈገፍግ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዶክተሯ በሐሳቧ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች፣ ደህናው ወንበር ላይ።

አማቷን ሥራ ፈት አልተዋቸውም ይህ ነገር። በመጀመሪያው ቀን ከክፍላቸው ሆነው እንደ ወትሮው ተጣሩ።

«አንቺ!»

ዝም።

«አንቺ! አትሰሚም?»

ዝም። ካውያው ብቻ ጭስ ይላል።

«ማነሽ!… ስሚ!… ሴትዮ!… ኧረ ሰው የለም ወይ እዚህ ቤት?»

በከዘራቸው ግድግዳውን ደበደቡ። ለከዘራ አቤት አይባልም። ግድግዳው ቢፈርስም አትሄድም። ደግሞ አትበድላቸውም፤ ምንም የሚሉት ነገር እንዳያገኙ አድርጋ ነው የያዘችው። መርፌያቸው በሰዓቱ ይመጣል፣ ምግባቸው በሰዓቱ ይመጣል፣ ሻዩን ገና ሳይጠሯት አምጥታ ታስቀምጥና ትወጣለች። ሲጠሯት ብቻ ነው የማትሰማው። አሮጊቷም ቀላል አልነበሩም። «እርስዎ» ከሚሉ ምላሳቸውን ቢነቅሉ ይመርጣሉ። ቀስ በቀስ የሚፈልጉትን ነገር ለአየር መናገር ጀመሩ።

«ትራሱ ዝቅ ብሏል» ይላሉ ለጣሪያው።

ባለካውያዋ ትገባና፣ «ጣሪያው ትራስ አያነሳም» ብላ ትራሱን ከፍ አድርጋ ትወጣለች።

ቅዳሜ ባሏ ከመንገድ ተመለሰ። ጫማውን ሳያወልቅ መልእክተኛ አደረጉት። እናቱ «ውሃ አምጪ በላት» ይሉታል፣ ሚስቱ «የሰማሁት ነገር የለም በላቸው» ትለዋለች። በሳሎኑና በተኩስ ክፍሉ መካከል ሲመላለስ ቆይቶ ምርር አለው።

«እኔ መቶ ጎማ የቀየርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም። ምንድን ነው የሆንሽው አንቺ ሴት?»

«አንተም አንቺ?»

«ኧረ እኔማ ባልሽ ነኝ!» አለና አስቦ አስቦ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። «እሺ፣ እርስዎ እራት ይስጡኝ እንግዲህ። ከዚያ እርስዎ ተነስተው አልጋውን ያንጥፉልኝ።»

በእጇ የያዘችውን እርጥብ ጨርቅ ወረወረችበት። ጨርቁ ጆሮው ላይ ተለጠፈ። «አንተ ላይ አይደለም ጠቤ። እናትህ ነገ ያቺን ልጅ ተከትለው ይሄዳሉ፤ እኔ እዚህ በባዶ ቤት በርሜል ስጠብቅ ልክረም?»

«ብትሄድስ? ሳምንት አረፍሽ ማለት አይደል?»

«እረፍቱን ማን ጠየቀህ!»

ሚስቱን ብዙ ዓመት ያውቃታል፤ ጥርሷን ነክሳ የምትናገረውን ነገር ሁለተኛ አይጠይቃትም። ይልቅ ከጎኑ ያስቀመጠውን የታጠፈ ልብስ አነሳ። «ይሄን እማዬ ትተኩስልኝ ብላለች።»

ግራጫው ቀሚስ ነው፣ ባለ ነጭ ኮሌታው፣ የክታቸው። ባለካውያዋ ተቀበለችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ውሃ በእጇ ረጨት አደረገችበት፣ ኮሌታውን ገልብጣ በውስጥ በኩል ተኮሰችው፣ እጀታውን መስመር ሳይወጣበት አሳምራ አጠፈችው። ስትጨርስ ዳሰሰችው። ልብስ ሰጥተው ማስተኮስ የዕርቅ መንገድ ሳይሆን አይቀርም ብላ አሰበች። ሰው ተኳርፎ ልብሱን ለጠላው ሰው አይሰጥም።

እውነትም ያን ምሽት እራት ካበላቻቸው በኋላ ልትወጣ ስትል አማቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እርስዎ የዚህ ቤት እመቤት» አሉ ድምፃቸውን አቅጥነው፣ «ለኔ ለምስኪኗ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይፈቅዱልኝ ይሆን?»

አሽሙር ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ አሽሙር መሆኑን ያውቃል። ባለካውያዋም አውቃለች፤ ግን ጆሮዋ ከእሷ ቀድሞ «አቤት!» አለ። ሮጣ ወጥ ቤት ገባች። ብርጭቆውን ሞልታ እዚያው ቆመች። «ይፈቅዱልኝ» አለች በቀስታ ለራሷ። ደግማ አለችው። ጣፈጣት። አሽሙርም ቢሆን ጣፈጣት፣ ምን ታድርግ። ፊቷን ቅጭም አድርጋ ይዛላቸው ገባች፣ «ይጠጡ» አለች፤ ወጣች። ተኩስ ክፍሏ ስትደርስ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ ያቺኛዋ ይህን በየስልኩ፣ በየሰላምታው፣ ያለ አሽሙር ታገኘዋለች። የጣፈጣት ነገር አፏ ውስጥ መረረ።

እሁድ አረፋፍዶ የዶክተሯ መኪና መስኮቷ ሥር ቆመች። ባለካውያዋ ጠረጴዛው ላይ የመጨረሻዎቹን ሸሚዞች እየተኮሰች ነበር። እግሯ ሳሎን ሲደርስ አማቷ ቀድመው ተቀምጠዋል፤ ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ጓዛቸውን በሻንጣ አድርገው ጭናቸው ላይ ይዘው። የለበሱት ግራጫውን ቀሚስ ነው። ኮሌታው እንዴት አድርጎ ቀጥ ብሏል! በገዛ እጇ ተኩሳ በገዛ እጇ ልትሸኛቸው ኖሯል።

ዶክተሯ ገባች። ከአዳር ሥራ ነው የመጣችው መሰለኝ፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ጫማዋ የሐኪም ቤት ጫማ ነው። «እትዬ፣ እንዴት ነሽ?» ብላ ባለካውያዋን ልታቅፋት ክንዷን ዘረጋች፤ ባለካውያዋ እጇን ብቻ ሰጠቻት።

«እርስዎ ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል!» አሉ አማቷ። «አይነሱ፣ አይነሱ! ይሄ ወንበር ይሻልዎታል።»

ዶክተሯ ተቀምጣ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። ጀሪካኑ ተደርድሯል፣ መብራቶቹ በየጥጉ ቆመዋል፣ ሻማና ክብሪቱ ሳህን ላይ፣ የከሰሉ ካውያ ተወልውሎ በራፉ ላይ።

«እትዬ፣ ጦርነት ነው እንዴ የሚመጣው?» ብላ ሳቀች።

«ለእርስዎ ቀላል ነው» አለች ባለካውያዋ። «እርስዎ ጋ አይጠፋም።»

ዶክተሯ ሳቋን ዋጠችው። ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ እንዲያውም እዚህ ሁሉም ነገር ተሟልቷል። መቆየት ከፈለጉ መድኃኒቱም አይበላሽም…»

«እሄዳለሁ ብያለሁ!» አሉ አማቷ።

«ድራማውን እንኳ አስቤልዎታለሁ» አለች ባለካውያዋ፤ ይህን እስካሁን ለማንም አልነገረችም። «ማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ፣ የነሱ መስመር አይነካም፣ በየማታው እያየች በስልክ ልትነግርዎ ተስማምታለች።»

«እሷ? እሷ ስታወራ ሁሉም ሰው ይሞታል! ያለፈውን ስትነግረኝ ያልሞተውን ሰው ገደለችብኝ። እሄዳለሁ!»

እዚህ ላይ የባለካውያዋ ደም ፈላ። የሚያስቀራቸው ነገር እንደሌላት አየች። ውሃው ጎሎ አይደለም፣ መብራቱ ጎሎ አይደለም። መሄድ ፈልገው ነው፣ አለቀ።

«ይሂዱ!» አለች። «መልካም መንገድ። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እዚያ ማንን ነው አንቺ የሚሉት?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ውሃ ሲጠማዎ ማንን ነው የሚያዙት? እርስዎ የሚሉት ሰው አይታዘዝም። ያለፈው ጊዜ ሄደው ሲመለሱ ከንፈርዎ ደርቆ፣ ገና ከበር ላይ በብርጭቆ አልበቃ ብሎዎት በማሰሮ አልጠጡም? «እሳቸውን እንዴት ውሃ አምጡ ልበል» ብለው ሲጠሙ ከርመው አልነበረም? አሁንስ ማንን ሊሉ ነው፣ ቴሌቪዥኑን? «አንቺ ቴሌቪዥን፣ ጫማዬን አቀብዪኝ!»»

ባሏ ሊስቅ ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። ዶክተሯ፣ «እማማ፣ እውነት ነው? ተጠምተው ነበር?» አለች ደንግጣ። አማቷ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። መልስ የሌለው ሽማግሌ ይነሳል። ተነሱ። በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው፣ ትልቋን ምራታቸውን ቀና ብለው ሳያዩ ወጡ።

ባለካውያዋ አልሸኘችም። ተኩስ ክፍሏ ገብታ ካውያዋን አነሳች፤ አንድ የተተኮሰ ሸሚዝ ደግማ መተኮስ ጀመረች። መስኮቱ ክፍት ነው፣ መኪናዋ ደግሞ መስኮቱ ሥር ናት፤ ሳትፈልግም ሁሉን ታያለች። ባሏ እናቱን ከፊት አስቀመጠ። ዶክተሯ መሪው ጋ ገባች። ባሏ ሻንጣውን ይዞ ወደ ኋላ በኩል ዞረ።

«አንቺ!»

ባለካውያዋ «አቤ…» ብላ ምላሷን ነከሰች። አሮጊቷ ግን ወደ መስኮቱ አልዞሩም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ ዓይናቸውን የተከሉት ዶክተሯ ላይ ነው።

«አንቺ እኮ ነው የምልሽ! ያን መስኮት ዝጊልኝ፣ ነፋስ ገባብኝ።»

ዶክተሯ ወደ አሮጊቷ ዞረች። ከዚያ ፊቷ እንዴት ብሎ በራ! እንደ ልጅ ሳቀች።

«እሺ፣ እማዬ!» አለች። እስከ ዛሬ «እማማ» ነበር የምትላቸው። ጎንበስ ብላ በአሮጊቷ በኩል ያለውን መስታወት ዘጋችው። «ሌላስ? ይኸው፣ ይዘዙኝ!»

«የጫማዬንም ክር ፍቺልኝ እስቲ፤ ጠብቆብኛል።»

ዶክተሯ ጎንበስ አለች።

ባለካውያዋ ካውያዋን አቆመች። እርስዎ የሚለውን ተቀምታ ስትኖር አንድ የቀራት ነገር እንዳለ አስባው አታውቅም ነበር። ይህ ቤት ከገባች ጀምሮ «አንቺ» ሲባል የምትዞረው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሌላ ሰው ዞሮ አያውቅም፣ ሌላ ሰው «እሺ» ብሎ አያውቅም። እንኳን በደግ ቀን፣ በኩርፊያውም ሳምንት አሮጊቷ ሌላ የሚጠሩት ሰው አልነበራቸውም። አሁን ያቺ ልጅ፣ እርስዎውን ሳትመልስ፣ ይኸንንም ልትወስድ ነው። ሁለቱንም! ለአንድ ሰው ሁለቱንም!

ጨርቅ በእጇ እንደያዘች ወጣች። በመንገዱ ዳር ባለሱቁ ብቅ ብሎ ያያል፤ አላየችውም። ሞተሩ ተነስቷል። የፊቱን በር ያዘችና ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ይውረዱ።»

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አሉ አማቷ።

«አቤት!» አለች ባለካውያዋ። ሳምንቱን ሙሉ ያፈነችው አቤት በአንዴ ወጣ፤ ባለሱቁ ጋ ደረሰ። «አቤት፣ ይኸው አለሁ! አንቺ ማለት ካማረዎት እዚሁ ቤቴ ይበሉኝ። ሰው ፍለጋ መንገድ አይወጡም። ይውረዱ!»

አሮጊቷ ጫማቸው ክሩ እንደተፈታ ተመለከቷት። አፋቸው ሊቆጣ ተዘጋጅቶ ሳይቆጣ ቀረ። ክንዷን ያዙ። ወረዱ።

ባሏ ከኋላ በኩል ሻንጣውን ግማሹን አግብቶ ግማሹን ይዞ ቆሟል። «እንግዲህ ልጫን ወይስ ላውርድ?» አለ። ሻንጣውን ይዞ ወደ ፊት መጣ።

ዶክተሯ መሪዋን እንደያዘች ቀርታለች። ሳቋ ፊቷ ላይ መሄጃ አጥቶ ቆሟል። «እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምን አጠፋሁ?»

ባለካውያዋ አማቷን በአንድ ክንዷ እንደደገፈች ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየቻት። «እርስዎማ» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዓመታት የለመደው ምላስ ነው። ዋጠችው። ሻንጣውን ከባሏ እጅ ነጥቃ በተከፈተው በር ልጅቷ ጭን ላይ ጣል አደረገችላት።

«አንቺም ውረጂ» አለቻት። «ይሄን ያዢና ግቢ።»